የተማሪዎች የወንጌል ጉዞ ለተቀባዩ ምን ይተዋል? ከሆንዱራስና ከጓቴማላ የተገኘ ትምህርት



በየዓመቱ ትምህርት በሚዘጋበት ወራት በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩ ብዙ ክርስቲያን ተማሪዎች በቡድን በቡድን ሆነው እስፓኝኛ ወደሚነገርባቸው አገሮች ይሄዳሉ። አንዳንዱ ወደ ሜክሲኮ፥ አንዳንዱ ወደ ጓቴማላ፥ አንዳንዱም ወደ ሆንዱራስ ይጓዛል። የሚቆዩትም ብዙውን ጊዜ ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት ነው። ቤት ይሠራሉ፤ ግድግዳ ይቀባሉ፤ ልጆችን ሰብስበው መዝሙር ያስተምራሉ፤ ስለ ጌታ ኢየሱስም ይመሰክራሉ። ከዚያም ብዙ ፎቶግራፍና ብዙ ምስክርነት ይዘው ወደ ጉባኤያቸው ይመለሳሉ።

ስለ እነዚህ ጉዞዎች ለመጻፍ የወደድነው የሩቅ አገር ወሬ ለማሰማት ብቻ አይደለም። ከእናንተ መካከል በየፕሮጀክቱ ከውጭ የሚመጡ እንግዶችን የሚቀበሉ አሉ፤ የራሳቸውን ወጣቶች በክረምት ወደ ገጠር ለምስክርነት የሚልኩ ጉባኤዎችም አሉ። ጉዞው የተማሪውን ልብ እንደሚያሞቅ አንጠራጠርም። ጥያቄያችን ሌላ ነው፤ ቡድኑ ተሰናብቶ ከሄደ በኋላ በዚያ መንደር የሚቀረው ምንድር ነው? ይህን ጥያቄ የላቲን አሜሪካ አብያተ ክርስቲያናት ከ50 ዓመት በላይ ሲመረምሩት ስለ ቆዩ፥ ከእነርሱ የምንማረው ብዙ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጉዞው እንዴት ይዘጋጃል?

አሠራሩ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው። ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ወይም ከአንድ ኮሌጅ ከአሥር እስከ ሃያ የሚሆኑ ወጣቶች ይመረጣሉ። እያንዳንዱ ለአውሮፕላን፥ ለምግብና ለመኝታ የሚሆነውን ገንዘብ ራሱ መፈለግ አለበት። ስለዚህ ለዘመድና ለወዳጅ ደብዳቤ ይጽፋል፤ መኪና እያጠበ፥ ኬክ እየሸጠ ገንዘብ ያጠራቅማል። በመጨረሻም ጉባኤው ጸልዮለት ይልከዋል።

በዚያው ጊዜ ተቀባዩ ወገን ደግሞ የራሱ ዝግጅት አለው። የመንደሩ መጋቢ ቡድኑ የሚያድርበትን ቦታ ይፈልጋል፤ እኅቶች ምግብና የተፈላ ውኃ ያዘጋጃሉ፤ አስተርጓሚ ይፈለጋል፤ መኪና ይከራያል፤ ሲሚንቶና ብሎኬት ቀድሞ ይቀርባል። ግንበኛውም ሌላ ሥራውን ትቶ ለወጣቶቹ አሠራሩን ሲያሳይ ይሰነብታል። ቡድኑ ሲመጣ ጠዋት በጸሎት ይጀምራል፤ ቀን ይሠራል፤ ከሰዓት በኋላ ልጆችን ያስተምራል፤ ማታ ከጉባኤው ጋር ያመልካል። ይህ ሁሉ በወጪ መዝገብ ላይ የማይታይ ብዙ ድካም እንዳለበት፥ የፕሮጀክት ሠራተኞች ሳንነግራቸው ያውቁታል።

መልካም ጅማሬ፤ በሆንዱራስ በ1965

በ1965 በአሜሪካ በሂውስተን ከተማ በአንዲት የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን የወጣቶች አገልጋይ የነበሩት ጋይ ቤቪል፥ በሆንዱራስ የፖሊዮ ማለት የልጅነት ልምሻ በሽታ መነሣቱን ሰምተው ወጣቶችን አሰባሰቡ፤ ሕፃናትንም ለመከተብ ይዘዋቸው ወደዚያች አገር ሄዱ። ከዚህ ጉዞ አሚጎስ ዴ ላስ አሜሪካስ የተባለ ድርጅት ተወለደ። ድርጅቱ በኋላ የማንኛውም ቤተ ክርስቲያን ወገን ሳይሆን ቢቀጥልም፥ ብዙ ሺህ ወጣቶችን በላቲን አሜሪካ ለአገልግሎት አሰማርቷል።

በዚህ ሥራ ልናስተውላቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። የሚያስፈልገው ነገር ግልጽ ነበር። ሥራው ብዙ እጅ በአጭር ጊዜ የሚፈልግ፥ ተማሪም በአጭር ሥልጠና ሊያውቀው የሚችል ነበር። ከሁሉም ይልቅ፥ ክትባት ቡድኑ ከሄደ በኋላ የሚቀር ነገር ነው፤ የተከተበው ልጅ ተማሪዎቹን ቢረሳቸው እንኳ በሽታውን የሚከላከል ኃይል በሰውነቱ ውስጥ አለ። እንግዲህ የአጭር ጊዜ ጉዞ ሁሉ ከንቱ ነው ማለት አይቻልም። ሥራው ለአጭር ጊዜ የሚስማማ መሆን አለመሆኑን ግን መጠየቅ ይገባል።

የተቃውሞ ድምፅ

ከሦስት ዓመት በኋላ፥ በኤፕሪል 20 ቀን 1968 ኢቫን ኢሊች የተባሉ የካቶሊክ ቄስ በሜክሲኮ ለማገልገል ለሚዘጋጁ የሰሜን አሜሪካ ተማሪዎች ንግግር አደረጉ። እኚህ ሰው በሜክሲኮ በኩዌርናቫካ ከተማ የጥናት ማዕከል ስለ ነበራቸው፥ መጥተው የሚሄዱትን ብዙ ወጣቶች ያውቁ ነበር። ንግግራቸው እጅግ የከረረ ነበር። ቋንቋውን የማያውቅ ተማሪ ከድኻው ጋር ሊነጋገር እንደማይችል፥ እንደ እርሱ ከተማሩት ጋር ብቻ እንደሚግባባ፥ መልካም አሳብም ብቻውን ከጉዳት እንደማያድን ነገሯቸው። ለማየትና ለመማር ኑ፥ ለመርዳት ግን አትምጡ የሚል ነበር የምክራቸው ፍሬ ነገር።

እኛ በዚህ ሁሉ አንስማማም፤ ወንጌል ድንበር ተሻግሮ እንዲሰበክ ጌታ አዝዟልና። ነገር ግን እንዲህ ያለውን ቃል ስለ መረረን ብቻ ልንተወው አይገባንም።

ከላቲን አሜሪካ ወንጌላውያን መካከል ደግሞ በትሕትናና በድፍረት የተናገሩ ወንድሞች ተነሡ። የኢኳዶሩ ተወላጅ ሬኔ ፓዲያና የፔሩው ሳሙኤል ኤስኮባር ሁለቱም በዓለም አቀፍ የወንጌላውያን ተማሪዎች ኅብረት ውስጥ ተማሪዎችን ለብዙ ዓመታት ያገለገሉ ናቸው። በ1974 በስዊስ አገር በሎዛን በተደረገው የወንጌል ስብከት ጉባኤ ላይ፥ ወንጌል ከአንድ አገር ባህልና ኑሮ ጋር ተጠቅልሎ እንዳይላክ፥ ስብከትም ለተቸገረ ሰው ከማሰብ እንዳይለይ ለመኑ። ይህ አሳብ ለእኛ አዲስ አይደለም። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በ1972 ወደ ሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በላከችው ደብዳቤ፥ የወንጌል ስብከትና የሰው ልማት ተለያይተው ሊታዩ እንደማይገባ አመልክታ ነበር። ከአዲስ አበባና ከላቲን አሜሪካ የተነሡት ድምፆች፥ ተቀባይ የሚባሉት አብያተ ክርስቲያናት ስለ ራሳቸው ሊናገሩ እንደሚችሉ ለዓለም አሳይተዋል።

የጓቴማላ የምድር መናወጥ፤ 1976

በፌብሩዋሪ 4 ቀን 1976 ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ጓቴማላ በብርቱ የምድር መናወጥ ተመታች። ወደ 23,000 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት ቤት አልባ ሆኑ። በደጋው የሚኖሩት ድኾች በጭቃ ጡብ በተሠራ፥ ከባድ የሸክላ ክዳን ባለው ቤት ውስጥ ተኝተው ስለ ነበር፥ ግድግዳውና ጣራው በላያቸው ወደቀ።

ብዙ አብያተ ክርስቲያናትና የርዳታ ድርጅቶች ወደዚያ ፈጥነው ሄዱ። ከተሠራው ሥራ መካከል በቺማልቴናንጎ አውራጃ የተደረገው የኩቹባል ፕሮግራም በልማት ሠራተኞች ዘንድ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ኩቹባል በአካባቢው ሰዎች ዘንድ እየተረዳዱ መሥራት ማለት ነው፤ በእኛ አገር ደቦ ወይም ወንፈል እንደምንለው ያለ ነው። ፕሮግራሙን የደገፉት ኦክስፋምና ወርልድ ኔበርስ የተባሉ ድርጅቶች ሲሆኑ፥ ከመናወጡ አስቀድሞ በዚያው አውራጃ ከገበሬዎች ጋር በእርሻ ልማት ይሠሩ ስለ ነበር ሕዝቡ ያውቃቸው ነበር።

እነርሱም ከውጭ ሠራተኛ አምጥተው ቤት ሠርተው ለመስጠት አልተነሡም። የጣራ ቆርቆሮ በቅናሽ ዋጋ እንዲሸጥ አደረጉ፤ የአገሩን ግንበኞችና አናጢዎችም አሠለጠኑ። የተማረውም ሰው ጎረቤቱን አስተማረ። ትምህርቱ ቀላል ነበር፤ ጣራው የቀለለ እንዲሆን፥ በግድግዳው ማዕዘን ላይ ሰያፍ እንጨት ገብቶ ቤቱን እንዲያጠብቅ የሚል ነው። ቤቱን የሠራው ባለቤቱ ራሱ ስለ ሆነ፥ ቢሰነጠቅ ማደስን ያውቃል፤ ልጁም ጎጆ ሲወጣ እንደዚያው አድርጎ ይሠራል።

የሆንዱራስ ዐውሎ ነፋስና አንድ ጥናት

በኦክቶበር 1998 መጨረሻ ሚች የተባለው ዐውሎ ነፋስ በሆንዱራስ ላይ ለቀናት ዝናብ አወረደ። ወንዞች ሞልተው መንደሮችን ጠራርገው ወሰዱ፤ ድልድዮች ተሰበሩ፤ በዋና ከተማው በቴጉሲጋልፓ ሳይቀር ኮረብታ ተንዶ ሰፈር ቀበረ። የሙዝ እርሻዎች ስለ ጠፉ በዚያ የሚተዳደሩ ብዙ ሠራተኞች ሥራ አጡ። በሆንዱራስና በጎረቤት አገሮች የሞቱት ከ10,000 በላይ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ከሰሜን አሜሪካ ብዙ የቤተ ክርስቲያንና የተማሪ ቡድኖች ቤት ለመሥራት ወደ ሆንዱራስ መጡ። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ በካልቪን ኮሌጅ (ዛሬ ካልቪን ዩኒቨርሲቲ በሚባለው) ያስተምሩ የነበሩትና በሆንዱራስ ብዙ ዓመት የኖሩት ኩርት ቨር ቢክ፥ በአንድ ክርስቲያናዊ ድርጅት አማካይነት የተሠሩትን ቤቶች መረመሩ። አንዳንዱን ቤት የሠሩት ከውጭ የመጡ ቡድኖች፥ አንዳንዱን ደግሞ ሆንዱራሳውያን ብቻቸውን ነበሩ። ስለዚህ ሁለቱን ለማወዳደር ተቻለ። ውጤቱም በ2006 ታትሞ ወጣ።

መጀመሪያ ወጪውን እንመልከት። አንድ ቤት ለመሥራት የሚያስፈልገው 2,000 ዶላር ያህል ነበር። አንድ ቡድን ግን የአውሮፕላኑን ዋጋ ጨምሮ በአማካይ 30,000 ዶላር ያህል አወጣ። በሌላ አነጋገር ለአንድ ጉዞ የወጣው ገንዘብ ዐሥራ አምስት ቤት ሊያሠራ ይችል ነበር። ገንዘቡን ለጉዞ ብለው የሰጡ ሰዎች ለቤት ተብሎ ቢጠየቁ ኖሮ ያን ያህል አይሰጡም ነበር የሚሉ አሉ፤ ይህም እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን እንዲህ ከሆነ፥ ጉባኤው መማር ያለበት ነገር እንዳለ ያሳያል።

ሁለተኛው፥ ቤት ያገኙት ቤተ ሰቦች የመለሱት መልስ ነው። ቤታቸውን የውጭ ቡድን የሠራላቸውና ሆንዱራሳውያን የሠሩላቸው ሲወዳደሩ፥ በኑሯቸውም ሆነ በመንፈሳዊ ሕይወታቸው ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። እንግዶቹን ወደዋቸው ነበር፤ ምስጋናቸውም የልብ ነበር። ቢጠየቁ ግን ገንዘቡ መጥቶ ብዙ ቤት ቢሠራበት፥ የአገሩም ሰው ሥራ ቢያገኝበት ይመርጡ ነበር።

ሦስተኛው ስለ ተጓዦቹ ነው። ብዙዎቹ ጉዞው ሕይወታችንን ለውጦታል ብለው ነበር። ስለ ጸሎታቸው፥ ስለ ስጦታቸውና ስለ አገልግሎታቸው በዝርዝር ሲመረመር ግን፥ ጸንቶ የቆየው ለውጥ ትንሽ ሆኖ ተገኘ። ጥናቱን ያደረጉት ሰው ይህን በለጋ ዛፍ መስለውታል። ለጋ ዛፍ በእጅ ቢያጎብጡት ይጎብጣል፤ ሲለቁት ግን ወደ ነበረበት ይመለሳል። እንደ ጎበጠ እንዲያድግ ከተፈለገ ለብዙ ጊዜ በችካል መታሰር አለበት። ያለ ክትትል የተደረገ ጉዞም እንዲሁ ነው።

በመንደሩ የሚሆነው ነገር

ይህ ለምን ሆነ ብንል ምክንያቱ ለማስተዋል አይከብድም። ብሎኬት ተሸክሞ የማያውቅ ተማሪ፥ ሥራ ፈትቶ ቆሞ በሚመለከተው ጎልማሳ ፊት ብሎኬት ይሸከማል። ለልጆቹ ከረሜላና ልብስ የሚያድለው እንግዳው ስለ ሆነ፥ አባትና እናት በልጆቻቸው ፊት ባዶ እጃቸውን ይታያሉ። ልጆች ከእንግዶቹ ጋር በአንድ ሳምንት ይላመዱና በስምንተኛው ቀን ያለቅሳሉ፤ በሚቀጥለው ወር ሌላ ቡድን ይመጣል፤ እንደ ገና መላመድ፥ እንደ ገና መለያየት ነው። መጋቢውም የታመሙትን መጠየቁን ትቶ ከአውሮፕላን ጣቢያ ወደ መንደር ሲመላለስ ይሰነብታል።

ታዲያ ለምን አትምጡ አይሉም? የላቲን አሜሪካ ሕዝብ እንደ እኛ ሕዝብ እንግዳ አክባሪ ነው፤ ከሩቅ የመጣን ሰው ከደጅ መመለስ ነውር ነው። ከዚህም ሌላ እንግዳው የዛሬን ርዳታ ብቻ ሳይሆን የነገንም ተስፋ ይዞ ስለሚመጣ፥ እምቢ ማለት ያስፈራል። ስለዚህ የተቀባዩ ፈገግታ ብቻውን ሥራው መልካም ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ጠያቂ በእውነት የሚጠይቅ ከሆነ፥ ተቀባዩ ያለ ፍርሃት እምቢ ለማለት የሚችልበትን መንገድ መክፈት አለበት።

የአንጾኪያ ምሳሌ

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 11 መጨረሻ ላይ አንድ የርዳታ ጉዞ ተጽፎልናል። አጋቦስ የሚባለው ነቢይ ራብ እንደሚመጣ በተናገረ ጊዜ፥ በአንጾኪያ የነበሩ ደቀ መዛሙርት እያንዳንዳቸው እንደ አቅማቸው አዋጥተው በይሁዳ ለሚኖሩት ወንድሞች ርዳታ ላኩ። የላኩትም በበርናባስና በሳውል እጅ ነው። በዚህ ውስጥ አራት ነገር እናያለን። አስቀድሞ የታወቀ ችግር ነበር። ስጦታው ከሁሉ የተዋጣ ነበር። የተላኩት ብዙ ሰዎች ሳይሆኑ ሁለት የታመኑ ነበሩ። ስጦታውም የተሰጠው ለአገሩ ሽማግሌዎች ነው፤ ለማን እንደሚገባ የሚያውቁ እነርሱ ናቸውና።

እንዲህ ስንል የሰው ለሰው መገናኘት አያስፈልግም ማለታችን አይደለም። ከአንጾኪያ ገንዘቡ የደረሰው በሰው እጅ ነው። ተማሪ ወደ ሌላ አገር ሄዶ ወንድሞቹን ቢያይ፥ ከእነርሱ ጋር ቢያመልክ፥ በድኽነት መካከል ያለውን እምነት ቢማር መልካም ነው። ለመማር የሄደ ከሆነ ግን ተማሪ ተብሎ ይሂድ፤ ረጂ ተብሎ አይሂድ። ገንዘብ ያወጣበትም እንደ ትምህርቱ ወጪ ይቆጠር እንጂ ለድኾች እንደ ተሰጠ ስጦታ አይቆጠር።

ለላኪዎችና ለተቀባዮች የሚሆኑ ጥያቄዎች

ከላይ ከተባለው ተነሥተን ጉባኤዎችና የፕሮጀክት ሠራተኞች በስብሰባቸው ሊመለከቷቸው የሚችሉ ጥያቄዎችን እናቀርባለን።

1. ቡድኑ እንዲመጣ የጠየቀው ማን ነው? ጥሪው ከተቀባዩ ጉባኤ ሽማግሌዎች ወጥቷል ወይስ ከላኪው የበዓል ቀን ጋር ስለ ተስማማ ነው?

2. ሥራው በአጭር ጊዜ የሚያልቅ፥ በአጭር ሥልጠናም የሚሠራ ነው? ወይስ የአገሩ ሰው በደመወዝ ሊሠራው የሚችል ነው?

3. ለጉዞው የሚወጣው ገንዘብና በመንደሩ የሚቀረው ገንዘብ ጎን ለጎን ተጽፎ ለጉባኤው ተነግሯል?

4. ስጦታ ቢሰጥ በማን እጅ ይሰጣል? ወላጆች በልጆቻቸው ፊት እንዲከበሩ፥ ስጦታው በእነርሱ ወይም በሽማግሌዎች በኩል ይሁን።

5. ከቡድኑ መካከል ቋንቋውን የሚያውቅ አለ? ከሌለ፥ ከጉዞው በፊት ጥቂት ወራት የቋንቋና የባህል ትምህርት ተሰጥቷል?

6. ተጓዦቹ ከተመለሱ በኋላ ለአንድ ዓመት የሚከታተላቸው ማን ነው? የሚጸልዩበት ቀን፥ የሚያዋጡት ገንዘብ፥ በገዛ ከተማቸው ለተቸገሩት የሚያደርጉት አገልግሎት ተወስኗል?

7. ቡድኑ ከሄደ ከስድስት ወር በኋላ ተቀባዩን በግልጽ የሚጠይቅና መልሱን የሚሰማ ማን ነው?

በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ የፕሮጀክት ሠራተኞች ድምፅ ከሁሉ ይበልጥ ሊሰማ ይገባል። እንግዳ ሲመጣ ሥራው እንዴት እንደሚቆም፥ እንዴትም እንደሚበረታ የሚያውቁ እነርሱ ናቸው። ስለዚህ እንግዶችን ስለ መቀበል ለላኪዎች ስትጽፉ፥ የሚያስፈልጋችሁን ብቻ ሳይሆን የማያስፈልጋችሁንም በፍቅር ጻፉላቸው።

በመጨረሻም ደስ የሚያሰኝ ነገር እናንሣ። በኖቬምበር 1987 ኮሚባም የተባለ የላቲን አሜሪካ አብያተ ክርስቲያናት የወንጌል ተልእኮ ጉባኤ በብራዚል በሳን ፓውሎ ተሰብስቦ፥ ላቲን አሜሪካ የወንጌል መልእክተኞችን የምትቀበል ብቻ ሳትሆን የምትልክም መሆንዋን አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ ከእስፓኝኛ ተናጋሪ አገሮች ብዙ መልእክተኞች ወደ ሌሎች አገሮች ወጥተዋል። ትናንት እንግዳ ሲቀበሉ የነበሩ ዛሬ ሲላኩ፥ የተቀባይን ድካም ያውቁታል። የእኛም ጉባኤዎች ሁለቱንም ዕጣ፥ መቀበልንና መላክን፥ በአንድነት የያዙ ናቸውና ይህን ማስተዋል ጌታ እንዲሰጠን ያስፈልገናል።

በጸሎታችሁ አስቡ፤

በሆንዱራስና በጓቴማላ ጉባኤዎችን የሚመሩትን መጋቢዎች፥ እንግዶችን በጥበብ እንዲቀበሉ።

ለጉዞ የሚዘጋጁትን ተማሪዎች፥ የትሕትና መንፈስና የሚሰማ ጆሮ እንዲኖራቸው።

በየፕሮጀክቱ የሚደክሙትን ሠራተኞቻችንን፥ እውነትን በፍቅር ለመናገር እንዲበረቱ።

የጌታችን የኢየሱስ ክርስቶስ ጸጋ ከሁላችሁ ጋር ይሁን።